የሐሙስ ክኒን

አራዳ፣ ጥር 13 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ፤

እንዴት ሰንብተሃል? የዚያ አገር ብርድ እንዴት አድርጎሃል? ጆሮህን ሸፍነህ ውጣ ብዬህ ነበር፤ በባዶ ራስህ እንደምትዞር ግን እዚህ ሆኜ ይታየኛል፤ አውቅሃለሁ። እኔ ደህና ነኝ። እናትህም ደህና ናቸው። ግቢው፣ ጎረቤቱ፣ የዘይቱና ድመት ሳትቀር ሁላችንም ደህና ነን። ደብዳቤ ሲጀመር እንዲህ ይባላልና ብያለሁ። ወጉ ደርሷል፤ አሁን እውነቱን ልጻፍልህ።

እስከ ዛሬ የጻፍኩልህ ሁሉ በፖስታ ነበር። ፖስታ ደግሞ አንተ ጋ እስኪደርስ ስንት ዓይን እንደሚያርፍበት ታውቃለህ። ይህን ግን ጓደኛህ ዘርኡ በእጁ ይዞልኝ ይሄዳል። የወንድሙን ሠርግ በልቶ ወደ ሌኒንግራድ ሊመለስ ነው፤ ነገ ጠዋት መጥቶ ይወስደዋል። ስለዚህ ሆዴ ውስጥ ያለውን ሁሉ ልዘረግፈው ነው። ቆመህ አታንብበው፤ ተቀመጥ።

ልጅ ነበረን። አዎ፣ ነበረን። ክረምቱን ለእናትህ ቀዶ ጥገና ብለህ መጥተህ፣ ስድስት ሳምንት ከርመህ ስትመለስ ለእኔ ትተኸው የሄድከው እሱን ነው። መስከረም ላይ፣ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል መንገዱ ሁሉ በመብራትና በቀይ ጨርቅ ሲያሸበርቅ፣ እኔ ቴዎድሮስ አደባባይ መሥሪያ ቤቴ ታይፕራይተሬ ላይ ተደፍቼ ያቅለሸልሸኝ ጀመር። የሪባኑ ቀለም ሳይቀር ይሸተኛል። ስድስት ዓመት ሙሉ ደጅ ሲጠና ያልመጣ ነገር ነውና እኔስ ብርድ መታኝ አልኩ። እናትህን ግን ማን ያታልላቸዋል! አትክልት ተራ አብረን ወርደን ገና ሎሚ ሳንገዛ፣ እዚያው ከመደቡ ላይ አንሥቼ እንደ ብርቱካን ስመጠው አዩኝ። ነጋዴውን ገላምጠው፣ እኔን አቅፈው፣ ከዚያ ሁሉ ተሸካሚና ገበያተኛ መሐል እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም።

ለአንተ እንዳልጽፍልህ የከለከሉኝም እሳቸው ናቸው። አራት ወር ሳይሞላ አይወራም፤ ዓይን አለ፤ የጽንስ ወሬ በደብዳቤ ባሕር ተሻግሮ አይሄድም አሉኝ። እኔ ዘመናዊ ነኝ ባዩዋ፣ በቡዳ የምስቀዋ፣ ለዚህች ጊዜ ግን ፈራሁ። አራቱ ወር ደርሶ ሆዴ ሲያሳብቅብኝ ፎቶግራፍ ልልክልህ፣ እንደዚያ ደንግጠህ ስትስቅ በሐሳቤ ሳይህ ነበር የማመሸው።

ከዚያ የላክሃቸው ቢጫ ክኒኖች ጥቅምት መግቢያ ላይ ደረሱ። ከእነሱ ጋር የመጣውን ረጅም ደብዳቤ በቃሌ ይዤዋለሁ። ሰውነታችን ውስጥ ኢንዛይም የሚባሉ ሠራተኞች አሉ፣ እያንዳንዱ አንዲት ሥራ ብቻ ነው የሚያውቀው አልከኝ። አንዱ ያፈርሳል፣ አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ዕቃ ያቀብላል። ክኒኑ መጥቶ የዕቃ አቀባዩ ወንበር ላይ ጉብ ይላል፤ አቀባዩ ሥራ ይፈታል፤ ለሁለት ልትከፈል የተነሣችው ሕዋስ የምትሠራበት አጥታ ባለችበት ትቀራለች። ሕዋስ ስትል መጀመሪያ የቀበሌያችን የፓርቲ ሕዋስ መስሎኝ ብቻዬን ስቄ ነበር። ነቀርሳ ማለት ያለ ልክ የምትከፈል ሕዋስ ናት፣ ስለዚህ ቀድማ የምትመታው እሷ ናት አልክ። ግን ክኒኑ ክፉና ደግ አይለይም፤ ቶሎ ቶሎ የሚከፈለውን ሁሉ ይይዛል፤ በሳምንት አንዴ፣ ሐሙስ ሐሙስ ስምንት ፍሬ ብቻ፤ እርጉዝ ሴት ደግሞ አጠገቡ እንዳትደርስ። ይህን ሁሉ እንደ ጥሩ አስተማሪ ካስረዳህ በኋላ መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ጨመርክ። ለእናቴ ቪታሚን ነው በያት፤ የነቀርሳን ስም ከሰማች ከበሽታው በፊት ስሙ ይገድላታል አልከኝ።

አልፈርድብህም። የቀደዳቸው ሐኪምም ያለው ይህንኑ ነው፤ ለበሽተኛ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም። አጎትህም፣ እኔም፣ ሁላችን ተስማማን። ጡታቸው ላይ የነበረው እብጠት እጢ ነው፣ ወጥቷል፣ አለቀ አልናቸው። እሳቸውም አመኑን። ያመኑ ይመስለን ነበር ማለት ሳይሻል አይቀርም፤ ብቻ አንድም ቀን ጠይቀውን አያውቁም።

በዚያው ደብዳቤ ስለ ራስህም ሥራ ጽፈህልኝ ነበር። የዳበረ የዓሣ እንቁላል ሳህን ላይ ታደርጋለህ፤ ያረጀውን ፕሮቲን የሚያፈርሰውን ሠራተኛ የሚያስር ሌላ መድኃኒት ጠብ ታደርግበታለህ፤ አሮጌው ሳይፈርስ ሲቀር እንቁላሉ ሁለት መሆን ያቅተዋል። ጠዋት ጠዋት በማይክሮስኮፕ ሁለት ሳይሆኑ የቀሩትን እቆጥራለሁ፣ ዛሬ አርባ ሰባት ሆኑልኝ ብለህ ነበር፤ ደስታህ ከወረቀቱ ላይ ይነበባል። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ባሌ ሊቅ ሆነ ብዬ በመሥሪያ ቤት ጉራዬን ነዛሁ። ዛሬ ያን ገጽ ማየት አልችልም።

እናትህን ታውቃቸው የለ? ቪታሚን ከባሕር ማዶ መጣልዎ ስላቸው ጠርሙሱን ተቀብለው ሳሙት፣ ወዲያው ከፍተው ለእኔ ሊያካፍሉኝ! ለአሮጊት ሥጋ ቪታሚን ምን ይሠራል፣ ሆድ የያዝሽው አንቺ፣ ፊትሽ አመድ የመሰለው አንቺ አሉኝ። እኔ ከተቀመጥኩበት ዘልዬ ተነሣሁ። አንዲት ፍሬ እንዳይሰጡኝ ብዬ ጮህኩባቸው። ለምን ቢሉኝ ምን ልበል? የእርስዎ ነው፣ ልጅዎ ለእርስዎ ነው የላከው፣ እኔ አልነካውም አልኩ። ጠርሙሱን ከደኑት። በኋላ ሳስበው ያ ጩኸቴ ነው ጉድ ያፈላው። እሳቸው እምቢታዬን የቆጠሩት እንደ ይሉኝታ ነው። ጨዋ ልጅ እየራባት ጠግቤአለሁ ትላለች፤ እኔንም እንደዚያ አዩኝ።

ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ስምንቷን ቆጥሬ መዳፋቸው ላይ አኖርላቸዋለሁ። ጸሎቴን ላድርስና እውጣቸዋለሁ ይሉኛል። እኔም ሰዓት እየረፈደብኝ እሮጣለሁ። ስመለስ አጥሚት ተሠርቶ ይጠብቀኛል። ሌላ ቀንም ይሠሩልኛል፤ የሐሙሱ ግን ማሩ ይበዛል። አናቴ ላይ ቆመው ጨርሺው፣ ታችኛውን እንዳታስቀሪ ይሉኛል። እኔ ምን ቸገረኝ፣ እናት የሌላት ልጅ እንዲህ ሲንከባከቧት ምን ትላለች? ጨርሼ ማንኪያውን እልሳለሁ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ አፌ ውስጥ ቁስል ወጣ፣ በርበሬ አላስቀምስ አለኝ። የእርግዝና ነው አሉኝ። እሺ አልኩ።

ኅዳር ሲታጠን ነው የሆነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ታውቀዋለህ፤ በየደጁ ጥራጊ ተከምሮ ይነዳል፣ ከጊዮርጊስ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ ሰው ሁሉ ያለ ልቅሶ ያለቅሳል። ድልድዩን ተሻግሬ ዳገቱን ስጀምር ወገቤን ቆረጠኝ። ጭሱ ነው ብዬ የዘይቱና የጨርቅ ሱቅ ደጃፍ ቁጭ አልኩ። ዘይቱና ሻይ ልትሰጠኝ ወጥታ እኔን ሳይሆን የተቀመጥኩበትን ደረጃ ነው ያየችው። ከመደርደሪያዋ ያልተቆረጠ አቡጀዲ ስባ አወረደችና ወገቤ ላይ ጠመጠመችብኝ፣ ታክሲ አስቁማ ወደ ሆስፒታል ይዛኝ ሄደች።

ሐኪሙ ሦስት ወር አልፎት ነበር አለኝ። ወንድ ነበር ሴት አልኩት። ማወቁ ምን ያደርግልሻል፣ ገና ልጅ ነሽ፣ ትወልጂያለሽ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ደግሜ የምጠይቀው ሰው የለም፤ አንተም አታውቅ።

ቤት ከተመለስኩ በሦስተኛው ቀን ዘይቱና ልትጠይቀኝ መጣች። የተኛሁ መስሏቸው ከመጋረጃው ወዲያ ቁጭ ብለው ያወራሉ። እናትህ ያለቅሳሉ። ዘይቱና የአላህ ሥራ ነው፣ ይበቃዎታል ትላቸዋለች። እሳቸው ምን አሉ መሰለህ፤ ምን ያላደረግኩላት ነገር አለ፣ ልጄ የላከልኝን ቪታሚን እንኳ ከአፌ ነጥዬ፣ አራቷን ለእኔ አራቷን ለእሷ ብዬ፣ ፈጭቼ በማር በአጥሚት አጠጣኋት፤ አምስት ሐሙስ አንድም አላጓደልኩ፤ አልበቃ አላት አሉ።

እኔ መጋረጃው ወዲህ ነኝ። የብርድ ልብሱን ጫፍ አፌ ውስጥ ከትቼ ነከስኩት። ልዋሽህ አልችልም፤ ያን ጊዜ ጠላኋቸው። ተነሥቼ ፀጉራቸውን ልነጭ፣ ምን አድርጌዎት ነው ልጄን በእጅዎ አጠጥተው የገደሉት ልል ነበር። ከእሳቸው ወረድኩና አንተን ጠላሁ። ከሊቅነትህ ጋር፣ ከዓሣ እንቁላልህ ጋር ጠላሁህ። ከአንተም ወረድኩና ራሴ ጋ ደረስኩ። ቪታሚን ነው ብሎ በአፉ የተናገረው ማን ነው? እኔ ነኝ። አንተማ የጻፍከው ብቻ ነው። አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ ብቻ እውነቱን ብነግራቸው ኖሮ እሳቸው እንኳን ለእኔ ለድመቷም አይሰጡም ነበር።

አሁንስ ልንገራቸው? እስቲ አንተ አስበው። ቪታሚን አይደለም ብል፣ ታዲያ ምንድን ነው ይሉኛል። የነቀርሳ መድኃኒት ነው ብል፣ ነቀርሳ ያለበት ማን ነው ይሉኛል። አንቱ ነዎት ካልኩ በኋላ የልጅ ልጃቸው በምን እንደሄደ ለማወቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅባቸውም። ስድስት ዓመት ጊዮርጊስ ደጅ የተሳሉለትን ልጅ! አላደርገውም። እስከ መቃብራቸው አይሰሙትም። አንተም ማልልኝ። ስትመጣም፣ ብትጣላኝም፣ ስትሰክርም እንኳ ከአፍህ እንዳይወጣ። በሽታቸውን ይችሉት ይሆናል፤ ይህንን ግን አይችሉም።

ከዚያ ወዲህ ጠርሙሱን ቆልፌበት፣ ሐሙስ ጠዋት ስምንቱንም እስኪውጡ ፊታቸው ቆሜ መጠበቅ ጀመርኩ። የመጀመሪያ ቀን ቅር አላቸው። ልጄ፣ ቆጠርሽብኝ? አሉኝ። ከአጥሚቱ በላይ የጎዳኝ ይህ ቃል ነው።

ታኅሣሥ ላይ ለምርመራ ወሰድኳቸው። ብብታቸው ሥር አዲስ ነገር አለ። የሽምብራ ያህላል። ሐኪሙ እኔን ወደ ውጭ ጠርቶ መድኃኒቱን በሥርዓት ይወስዳሉ ወይ አለኝ። አዎ አልኩት። ምን ልበለው? አምስት ሐሙስ ግማሹን ብቻ እንደወሰዱ ቢያውቅ የሌላውን ግማሽ ነገር ይጠይቀኛል። ብቻ አሁን አንድ ሳምንት መዝለል የለባቸውም አለኝ።

ይኸው እንግዲህ የምለምንህ። ከገና ወዲህ አልወስድም ብለዋል። ቪታሚኑ ሆዴን አቃጠለኝ፣ ለእኔ ምን ይሠራል ይላሉ። ሁለት ሐሙስ ሆነ። ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ አለቀስኩ፤ እንቢ። ድሮ ቁጣዬን የሚፈሩት ሴትዮ አሁን ፀጉሬን ዳብሰው አንቺ ደህና ሁኚልኝ ይሉኛል። ስለዚህ አንተ ጻፍላቸው። የልጃቸውን ቃል አይጥሉም። ውሰጂ፣ ለእኔ ብለሽ በል። ክኒኑንም ጨምረህ ላክ፤ ያለው ለፋሲካ አይደርስም። ዘርኡ እዚያ እንደደረሰ በሚቀጥለው ሰው እጅ አስይዘው፤ አደራህን።

ሌላም ሌላም ተለውጠዋል። አጥሚት መሥራት ትተዋል። ጊዮርጊስ ሲሄዱ ድሮ ከሴቶቹ ወገን ቀድመው ገብተው የሚቆሙ ሰው፣ አሁን ከአጥሩ ውጭ፣ ከነዳያኑ ጎን ቆመው አስቀድሰው ይመለሳሉ። ጉልበቴን አመመኝ፣ ደረጃው ከበደኝ ነው የሚሉት። ጥምቀትንም ታቦት አልሸኙም። የንስሐ አባታቸው መጥተው በር ዘግተው ብዙ ቆዩ፤ ሲወጡም ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ምነው አባ ብላቸው ስግደት አብዝታለች፣ በምግብ አግዢያት ብለውኝ ሄዱ። እርጅና ሰውን እንዲህ ያደርጋል ይሆናል። እኔም ድካም ነው መሰለኝ የማደርገውን እየረሳሁ ነው፤ ያን ረጅም ደብዳቤህን የስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ እንዳጣጠፍከው ሦስት እጥፍ አድርጌ ነበር የማስቀምጠው፣ ሰሞኑን ሳወጣው አራት እጥፍ ሆኖ አገኘሁት። ራሴ ነኝ ብዬ ተውኩት።

እኔን በተመለከተ አትጨነቅ። ወደ ሥራ ተመልሻለሁ። አፌም ድኗል። ዘይቱና የአቡጀዲውን ነገር አንሥቼ ሳመሰግናት፣ ሂጂ ወዲያ ብላ ትቆጣኛለች። ስታነበው ምን እንደምትል አላውቅም። ብትጮህ ጩህ፤ ብታለቅስም ሰው በሌለበት ይሁን። አንድ ነገር ግን ጻፍልኝ፤ በእኔ ላይ ቂም ያዝክ ወይስ አልያዝክ? ሌላውን ቀስ ብለን እንነጋገራለን።

አሁን እናትህ አጠገቤ መጥተው እርሳስ ጠየቁኝ። ለልጄ በእጄ ሰላምታ ልጽፍለት ነው ይላሉ። እኔ ስማቸውንና የጊዮርጊስን ስም ብቻ የሚጽፉ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ቀበሌው የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት የሰጣቸው በከንቱ አይደለም! አንቺ ግን አታንብቢው፣ የእናትና የልጅ ነው አሉኝ። እሺ ብያለሁ። እኔ የጻፍኩትን ወደ ላይ አጥፌ እግርጌውን ትቼላቸዋለሁ፤ ሲጨርሱ ሳላየው በፖስታ ከትቼ አሽገዋለሁ።

በሰው አገር የሚጠብቅህ አምላክ አይለይህ። ደግ ሰው ያቁምልህ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ፣ ያሰብከውን አስጨርሶ ለአገርህ አፈር ያብቃህ። ለእኔም አንተን በዓይኔ ያሳየኝ።

ባለቤትህ

ልጄ እንደምን ነህ። እኔ ደህና ነኝ። የመሳቢያውን ደብዳቤህን ጽሕፈትህ ግልጥ ስለሆነ አነበብኩት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። መድኃኒቱን ከእንግዲህ አትላክ። ለሦስታችንም በቅቶናል። ማወቄን ለእሷ እንዳትነግራት። ብዙ አልቅሳለች።

እናትህ